ራጁ ንጹህ፣ ጉልበቱ ግን ከዳተኛ

በአማርኛችን «ጉልበት» አንድም የእግር መታጠፊያ፣ አንድም ኃይል ነው። አቅም ያጣ ሰው «ጉልበቴ ከዳኝ» ይላል። የጉልበት ጅማቱ የተበጠሰ ሰው ሲለው ግን ቃሉ እንዳለ እውነት ነው፤ ደረጃ ሲወርድ ወይም ድንገት ሲዞር ጉልበቱ ከሥሩ ይሸሸዋል። የአጥንት ሐኪም ይህን ቃል ከታማሚው አፍ ሲሰማ ጆሮውን ያቆማል፤ አንዳንዴ ከራጅ ፎቶው ይልቅ ብዙ ይነግረዋልና። የዛሬው ዝግጅታችን በአዋቂዎች ላይ ስለሚደርስ ከባድ የጉልበት ጅማት ጉዳት ነው። የምከራከርለትም ሐሳብ ይህ ነው፦ በዚህ ጉዳት ሰው እግሩን ወይም እንጀራውን የሚያጣው ብዙውን ጊዜ ጥያቄዎቹ ተራቸውን ስተው ስለሚጠየቁ ነው። ቤተሰብ «ኤም አር አይ የት ይነሳል? ኦፕራሲዮን ይፈልጋል ወይ?» እያለ ሲራወጥ፣ መቅደም የነበረበት «እግሩ ደም ያገኛል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይዘለላል። ከዚያ ቀጥሎ መምጣት ያለበት «ጉልበቱ ይጸናል ወይስ ይከዳል?» የሚለውም በራጅ ውጤት ይሸፈናል።

ከሜክሲኮ አደባባይ እንነሳ። ልደታ ክፍለ ከተማ ያለው ይህ አደባባይ ታክሲው፣ አውቶቡሱ፣ ቀላል ባቡሩና እግረኛው የሚገናኙበት ነው፤ ጠዋትና ማታ ሰልፉ ይረዝማል፣ ለመሳፈር የሚሮጠውም ብዙ ነው። ጉልበት የሚጎዳባቸው መንገዶች ሁሉ እዚህ አሉ ማለት ይቻላል። ሚኒባስ ጋቢና የተቀመጠ ሰው መኪናው ተጋጭቶ ሲቆም የታጠፈ ጉልበቱ ከፊቱ ካለው ዳሽቦርድ ጋር ይላተማል፤ የባቱ አጥንት ወደ ኋላ ሲገፋ የኋላው መስቀለኛ ጅማት ይበጠሳል። መንገድ የሚያቋርጥ እግረኛን መኪና ከጎን ሲመታው ጉልበቱ ወደ አንድ ወገን ይታጠፍና የጎን ጅማቶቹ ይሄዳሉ። ከሞተር ብስክሌት የተወረወረ ወይም ከግንባታ መወጣጫ የወደቀ ሰው ላይ ደግሞ ሁለት ሦስት ጅማት ባንድ ጊዜ ሊበጠስ ይችላል። ኳስ ሜዳ ላይ ማንም ሳይነካው፣ እግሩን ተክሎ ለመዞር ሲሞክር የሚወድቀውን ወጣት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የእሱ በአብዛኛው የፊት መስቀለኛ ጅማት ነው። የእንግሊዝን ሊግ የሚከታተል ሰው ተጫዋቾቹ ቫን ዳይክ በ2020፣ ሮድሪ በ2024 እ.ኤ.አ. ከሜዳ የራቁት በዚሁ ጅማት መሆኑን ያስታውሳል። ብዙም የማይወራው ግን ሌላ ነው፦ በጣም ከባድ የሰውነት ክብደት ያለው ሰው አስፋልት ጠርዝ ላይ ተንሸራቶ ብቻ ጉልበቱ ሊወልቅ ይችላል። «ቀላል አወዳደቅ ነው» የሚለው ማጽናኛ እንዲህ ላለው ሰው አይሠራም።

ጉልበት በአጥንት ቅርጹ የሚጸና መጋጠሚያ አይደለም። ዳሌን ብንወስድ ኳስ በጽዋ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው፤ ጉልበት ግን ሁለት ክብ የአጥንት ጫፎች ጠፍጣፋ ነገር ላይ የተቀመጡበት፣ ከፊት ሎሚው የሸፈነው ነው። የሚያጸኑት አራት ዋና ጅማቶች ናቸው፤ ሁለቱ በመካከል ተጠላልፈው መስቀል የሚሠሩ፣ ሁለቱ በውስጥና በውጭ ጎን ያሉ። ራጅ የሚያሳየው አጥንትን ነው፤ ጅማትን አያሳይም። ስለዚህ «ራጁ ንጹህ ነው» ማለት አጥንቱ አልተሰበረም ማለት ብቻ ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር በአግባቡ ካልተብራራ ታማሚው «ምንም የለብህም» ተብሎ እንደተሰናበተ ይቆጥረዋል፤ ነርሷም፣ ዘመድም፣ አሠሪም እንዲሁ። ራጅ አይነሳ ማለቴ አይደለም፤ ስብራት ካለ መታወቅ አለበት፣ አንዳንዴም ጅማቱ ሲበጠስ ነቅሎት የሄደ ትንሽ የአጥንት ስባሪ ይታይበትና ፍንጭ ይሰጣል። ፍርዱን የሚሰጠው ግን ታሪኩና እጅ ነው። ሲጎዳ «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰምቶታል? መቀጠል ችሏል ወይስ እዚያው ቀረ? እብጠቱ መቼ መጣ? በማግሥቱ ቀስ ብሎ የመጣ እብጠት አንድ ነገር ነው፤ በአንድ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉልበቱ እንደ ፊኛ ከተነፋ ግን ውስጡ ደም ሞልቷል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ቆየት ያሉ ጥናቶች እንዲህ ደም ከሞላባቸው ጉልበቶች ከ10ሩ በ7ቱ ገደማ የፊት መስቀለኛው ጅማት ተበጥሶ አግኝተዋል። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ሰዓት ማየትና መጠየቅ ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚያስፈራው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን። ከአራቱ ጅማቶች ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሲበጠሱ ጉልበቱ ወልቆ ሊሆን ይችላል። የሎሚ መውለቅን አይደለም የምለው፤ እሱ ቀላሉ ነው። የጭንና የባት አጥንቶች ራሳቸው ተለያይተው ማለቴ ነው። ክፉው ነገር፣ ከእነዚህ ውልቃቶች ብዙዎቹ ሐኪም ዘንድ ሳይደርሱ በራሳቸው ወይም ያነሳው ሰው እግሩን ሲያቃና ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ሆስፒታል ሲደርስ ጉልበቱ ያበጠ ብቻ ይመስላል፤ ራጁም ንጹህ ነው። ከጉልበት በስተኋላ የሚያልፈው ዋናው የደም ቧንቧ ግን ከላይና ከታች ታስሮ የተያዘ ስለሆነ አጥንቱ ሲወልቅ እንደ ገመድ ይወጠርና ይቀደዳል፣ ወይም ውስጠኛው ሽፋኑ ተሰንጥቆ ቀስ እያለ ይዘጋል። በ2014 እ.ኤ.አ. ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ ጉልበታቸው ከወለቀ 100 ሰዎች በ18ቱ ገደማ የደም ቧንቧ ጉዳት፣ ከአራቱ በአንዱ ደግሞ የነርቭ ጉዳት አግኝቷል። ግሪንና አለን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1977 እ.ኤ.አ. ያወጡት ቁጥር እስካሁን ይጠቀሳል፦ የደም ቧንቧው በ8 ሰዓት ውስጥ ከተጠገነላቸው አብዛኞቹ እግራቸው ተርፏል፤ ከ8 ሰዓት ካለፈባቸው ከ100ው 86ቱ እግራቸው ተቆርጧል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከሜክሲኮ ሩቅ አይደለም፤ ባልቻ ሆስፒታልም እዚያው ልደታ ውስጥ ነው። ስለዚህ እዚህ ሰፈር ለወደቀ ሰው መንገዱ አይደለም ሰዓቱን የሚበላበት፤ «ይደር፣ ነገ እናያለን» የሚለው ምክር ነው። ገጠር ላለ ሰው መንገዱም ይጨመርበታልና ለእሱ ጥርጣሬው ከዚህ ቀድሞ መጀመር አለበት።

«ታዲያ የደም ቧንቧ ምስል የሚያነሳ መሣሪያ ሁሉም ጋ የለም» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው እሱ አይደለም። የእግር መዳፍ ይቀዘቅዛል? ቀለሙ ገርጥቷል? በእግር መዳፍ ጀርባና በቁርጭምጭሚት ውስጠኛ ጎን የልብ ምት በጣት ይዳሰሳል? ከዚያ የደም ግፊት መለኪያውን ክንድ ላይም ቁርጭምጭሚት ላይም አስሮ፣ የደም ፍሰቱን ድምፅ በሚያሰማ ትንሽ ዶፕለር መሣሪያ መለካት ነው። የቁርጭምጭሚቱ ቁጥር ለክንዱ ሲካፈል ከ0.9 በታች ከሆነ አደጋ አለ። በ2004 እ.ኤ.አ. ጉልበታቸው በወለቀ 38 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ከ0.9 በታች የሆኑት 11ዱም የደም ቧንቧ ጉዳት ነበረባቸው፤ ከዚያ በላይ የሆኑት 27ቱ አንዳቸውም አልነበረባቸውም። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ይህን አልክድም፤ ቢሆንም ትንሽ መሣሪያ ብቻ ለሚጠይቅ ምርመራ ይህ ትልቅ ምስክር ነው። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ ምቱ ተዳሰሰ ብሎ ታማሚውን ወዲያው መሸኘት አይበቃም። የተሰነጠቀ ቧንቧ ዘግይቶ ሊዘጋ ስለሚችል አንድ ሁለት ቀን ተኝቶ እየተደጋገመ መታየት አለበት። ባቱ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ ሕመሙ በማስታገሻ አልበርድ ካለ፣ ጣቶቹን ወደ ላይ ሲያነሱለት ከጮኸ ደግሞ ሐኪም ወዲያው መጠራት አለበት። እግሩን ወደ ላይ ማጠፍ ያቃተው ሰውም «ደንዝዞ ነው» ተብሎ አይታለፍ፤ በጉልበቱ ውጫዊ ጎን የሚያልፈው ነርቭ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

ደሙ ከተረጋገጠ በኋላ ነው የጽናቱ ጥያቄ የሚመጣው። እዚህም እጅ ይቀድማል። ሐኪሙ ጉልበቱን ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ያህል አጥፎ፣ በአንድ እጁ ጭኑን ይዞ በሌላው የባቱን አጥንት ወደ ፊት ይስበዋል። ጤነኛ ጉልበት ትንሽ ሄዶ «ግጭ» ብሎ ይቆማል፤ ጅማቱ የተበጠሰው ግን ማቆሚያ እንዳጣ መሳቢያ ይንሸራተታል። ይህ ምርመራ ላክማን ይባላል፤ በ1976 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ያስተዋወቀው ጆሴፍ ቶርግ የተባለ ሐኪም ሲሆን ስሙን የሰጠው ለመምህሩ ለጆን ላክማን ነው። ጉልበቱን 90 ዲግሪ አጥፎ የባቱ አጥንት ወደ ኋላ ረግቦ እንደሆነ ማየት የኋላውን መስቀለኛ ይፈትናል፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መግፋት የጎኖቹን። እግሩ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ሳለ ወደ ጎን ከተከፈተ ጉዳቱ ከአንድ ጅማት በላይ ነው ብሎ መጠርጠር ግድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሕመምና እብጠት ጡንቻውን ስለሚያስጨንቁት ምርመራው ሊያሳስት ይችላል። መልሱ በሳምንት ወይም በ10 ቀን ደግሞ ማየት ነው፤ ከምርመራ ሁሉ የሚረሳው ይህ ሁለተኛው ቀጠሮ ይመስለኛል። ኤም አር አይ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ብዙ ጅማት ሲበጠስ፣ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ትራስ ማለትም ሜኒስከስ ተቀዶ ጉልበቱ ሲቆለፍ፣ ቀዶ ጥገና ሲታቀድ ያስፈልጋል። ነገር ግን እጅ ያልነካውን ጉልበት ወደ ማሽን መላክ፣ ዋጋውን በልመና ለሚያሟላ ቤተሰብ ሸክም ነው፤ ምስሉም ጅማቱ መቀደዱን እንጂ ሰውየው ሲራመድ መከዳቱን አይናገርም።

«ወጌሻ አድኖኛል» የሚል አድማጭ ይኖራል፤ አላስተባብለውም። ከጉልበት ጅማት ጉዳቶች ብዙዎቹ ወለምታ ናቸው፤ ጅማቱ ተወጥሯል ወይም በከፊል ተቀዷል። በተለይ የውስጥ ጎኑ ጅማት ደም በደንብ ስለሚያገኝ ታሸም አልታሸም በሳምንታት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይድናል። ወጌሻው ምስጋናውን ይወስዳል፣ ጊዜው ሥራውን ይሠራል። ይህ ተረብ እንዳይመስልብኝ፤ ሐኪሞችም ስንት በራሱ በዳነ በሽታ ተመስግነዋል። ችግሩ ያለው ጅማቱ ብቻ የተወጠረው ጉልበት ደም ቧንቧው ከተቀደደው ጋር በውጭ ሲታይ መመሳሰሉ ላይ ነው። ያበጠ ጉልበትን በኃይል ማሸት የደም መፍሰሱን ያባብሳል፤ በቀርከሃና በጨርቅ አጥብቆ ማሰር ደግሞ የቀረችውን ደም ይዘጋል። በአገራችን በጥብቅ ማሰሪያ ምክንያት እግርና እጃቸው ሞቶ የተቆረጠባቸው ሰዎች ታሪክ በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ ወጌሻን ማሳደድ መፍትሔ አይደለም። ጉራጌ ያለው አጣጥ ሆስፒታል ወጌሾችን ሰብስቦ የአንድ ቀን ትምህርት ከሰጠ በኋላ የተቆረጡ እግሮችና እጆች ቁጥር መቀነሱ በ2005 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አንድ ቀን ብቻ! በየቀበሌው ያለ ወጌሻ «ጣቱ ከቀዘቀዘ አልነካውም፣ ሆስፒታል» የሚለውን አንድ ሕግ ቢይዝ፣ ከብዙ ፖስተር የበለጠ ይሠራ ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄ ቀዶ ጥገና ነው፤ ክርክሩም እዚህ ይሞቃል። ብዙ ጅማት በአንድ ጊዜ ለተበጠሰበት አዋቂ ማስረጃው በአብዛኛው ወደ ቀዶ ጥገና ያዘነብላል፤ በተለይ የውጭው ጎን ሲጎዳ ብዙ ሐኪሞች በ3 ሳምንት ገደማ ውስጥ መጠገንን ይመርጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ሥጋው ተጣብቆ ጅማቱን መለየት ያስቸግራል። ለብቻው የተጎዳ የውስጥ ጎን ጅማት ግን በአብዛኛው በመደገፊያና በእንቅስቃሴ ይድናል፤ ለብቻው የተጎዳ የኋላ መስቀለኛም ብዙ ጊዜ ቢላዋ ሳይነካው ሰውየውን ወደ ሥራው ይመልሰዋል። የፊት መስቀለኛው ነው አከራካሪው። ይህ ጅማት ሲበጠስ በመጋጠሚያው ፈሳሽ ስለሚታጠብ እንደ ቆዳ አይጋጠምም፤ ሐኪሙ ከጭን ኋላ ወይም ከሎሚው ሥር ጅማት ወስዶ አዲስ ይሠራል። «ስለዚህ ሁሉም ይሠራ፤ ቫን ዳይክም ተሠርቶ ነው የተመለሰው» ይባላል። በስዊድን 121 ወጣት አዋቂዎችን የያዘና በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ለግማሽ ያህሉ ቶሎ ቀዶ ጥገና አደረገላቸው፤ ሌሎቹ 59ኙ በእንቅስቃሴ ሕክምና ጀምረው ጉልበቱ ካስቸገራቸው በኋላ እንዲሠሩ ፈቀደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሕመማቸውና እንቅስቃሴያቸው ሲለካ ልዩነት አልተገኘም፤ ከ59ኙ የተሠሩት 23 ብቻ ነበሩ። ይህን ይዘን «እንግዲህ ቢላዋ ከንቱ ነው» ብንል ግን እንሳሳታለን። እዚያው ጥናት ውስጥ በአምስት ዓመቱ ከ59ኙ ግማሽ ያህሉ ተሠርተዋል። በብሪታንያ ደግሞ ጉልበታቸው ሲከዳቸው የቆዩ 316 ሰዎች ላይ የተደረገውና በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ቀዶ ጥገናውን አብልጦ አግኝቷል። ሁለቱ ጥናቶች የሚጣሉ ይመስላሉ፤ እኔ ግን ሲደጋገፉ ነው የማያቸው። አንደኛው ትኩስ ጉዳት ይዞ የመጣውን፣ ሁለተኛው ከርሞ የሚከዳውን ነው የጠየቁት። ጉልበቱ ገና ካበጠ፣ ካልተዘረጋ፣ ለብቻው የፊት መስቀለኛ ከተበጠሰ፣ መጀመሪያ ጡንቻው ይሠልጥን፤ ከወራት በኋላ ከከዳ ይሠራ። መሰላል ላይ ለሚውል ግንበኛና ወንበር ላይ ለሚውል ጸሐፊም መልሱ አንድ ላይሆን ይችላል።

ወደ ሕንድ ወይም ወደ ታይላንድ ለመሄድ ገንዘብ ያለው ሰው «እዚያ ተሠርቼ እመለሳለሁ» ይላል። ይሂድ። ግን ቀዶ ጥገናው የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፤ የሚቀጥለው ዘጠኝ ወር ያለው አዲስ አበባ ነው፣ ፎቅ ቤቱ ደረጃ ላይ፣ ታክሲ ሰልፍ ውስጥ። አዲሱ ጅማት ደም ሥር አብቅሎ እስኪበረታ ወራት ይፈጅበታል፤ የፊተኛው የጭን ጡንቻ ደግሞ በሁለት ሳምንት መተኛት ብቻ ዓይን በሚያየው መጠን ይሟሽሻል። ለዚህ ነው ከጭን እስከ ቁርጭምጭሚት ለረጅም ሳምንታት ጀሶ ማሰር በብዛት የተተወው፤ ጉልበቱን ያደርቀዋል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራ ተራ ይመስላል፦ ተረከዝን በተጠቀለለ ፎጣ ላይ አሳርፎ ጉልበትን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት፣ የጭን ጡንቻን ጨብጦ መልቀቅ፣ በክራንች እየተደገፉ በልክ መርገጥ። ከባድ ጉዳት ወይም ቀዶ ጥገና ካለ ይህን መጠን የሚወስነው ሐኪሙና ፊዚዮቴራፒስቱ ናቸው፤ ለኋላ መስቀለኛ የሚደረገው ለፊተኛው ከሚደረገው ይለያልና ከጎረቤት የተቀዳ ስፖርት አይሠራም። ቀዶ ጥገናው ወደፊት ከሚመጣ የመጋጠሚያ መበላት ይጠብቃል ብሎ መተማመንም አይቻልም፤ ከ10 እስከ 20 ዓመት ሲቆይ ግማሽ ያህሉ ጉልበት ላይ ይታያል፣ ተሠራም አልተሠራም። ክብደትን መያዝና ጭንን ማጠንከር እዚህ ላይ ነው ዋጋቸው።

ኳስ ለናፈቀው ደግሞ አንድ ጥናት ልንገረው። በኖርዌይ ተመራማሪዎች ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን 106 ሰዎች ተከታትለው በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት ውጤት፣ ወደ ሜዳ መመለስ እስከ ዘጠኝ ወር ድረስ በዘገየ በእያንዳንዱ ወር ጉልበቱ እንደገና የመጎዳቱ ዕድል በግማሽ ያህል ቀንሷል። ወደ ሜዳ ለመመለስ የተቀመጠውን ፈተና ሳያልፉ ከተመለሱት ከ100ው 38ቱ ዳግም ተጎድተዋል፤ ካለፉት ከ100ው 6 ገደማ ብቻ። ስድስት ወር ሞላኝ ብሎ ማልያ ከመልበስ በፊት፣ የተጎዳው እግር ጥንካሬ ከጤነኛው 90 በመቶ ደርሷል ወይ ብሎ ማስለካት ይሻላል።

አድማጮች፣ ሜክሲኮ ላይም ሆነ ሌላ ቦታ ሰው ጉልበቱ ተመትቶ ሲወድቅ ካያችሁ፣ አትሹት፣ አጥብቃችሁም አትሰሩት፤ በተገኘው ነገር ደግፋችሁ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ። ጉልበቱ የተጣመመበትን ወይም ተመልሶ የገባበትን ሁኔታ ያያችሁ እናንተ ናችሁና አብራችሁ ሂዱ፤ ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ ለሚቀበላችሁ ባለሙያ ይህን ተናገሩ፦ «ጉልበቱ ወልቆ የተመለሰ ይመስለናል፤ እባክዎ ከራጁ በፊት የእግሩን ደም ይዩልን።»